ሦስት ፖስታ፣ አንድ ዋጋ

ጀልባዋ ከጉብታ ጊዮርጊስ ሾላ ሥር ተነሥታ የመንገዱ እኩሌታ ላይ ስትደርስ ዝናቡ አባራ። አያልነህ ረጅሙን የቀርከሃ ዘንግ ወደ ውኃው ሰደደና ጫፉ ጭቃውን ሲነካለት በትከሻው ተደግፎ ገፋ። ጀልባዋም ሳትቸኩል ተንሸራተተች። ከሥሯ ያለው ውኃ ሰኔ ላይ የሩዝ ማሳ ነበር። ከታች ቦይ አለ፣ የማሳ ድንበር አለ፣ የርብ ወንዝ ድሮ ይፈስበት የነበረ፣ በኋላ ግን ትቶት የሄደ ገደል አለ። ከላይ ለሚያየው ግን ሁሉም አንድ ቡናማ ውኃ ነው። አያልነህ ሃያ ሦስት ክረምት በዘንጉ ጫፍ ሲዳብሰው ስለኖረ የማን ድንበር የት እንደሚያልቅ ያውቀዋል፤ በዚያ ድንበር ማን ከማን ጋር እንደተካሰሰም ጭምር።

ጊዜው ነሐሴ ሁለት ሺህ ዐሥራ ሁለት ዓመተ ምሕረት ነው። አዲሱ ብር ገና አልወጣም። በሽታው አገር ምድሩን ስላስፈራ ሰው አፉንና አፍንጫውን በጨርቅ ሸፍኖ ይሄዳል፤ በፎገራ ሜዳ ግን ጎርፉ ስለቀደመ በሽታውን የሚፈራበት ጊዜ ያገኘ ጥቂት ነበር። የዚያ ዓመት ውኃ የሽማግሌዎችን ትዝታ ሁሉ ያስረሳ ነው። ከብቱ ወደ ደጋው ተነድቷል፣ ጎተራው በእንጨት ቆጥ ላይ ተሰቅሏል፤ ስልሳ ቤት ያላት ጉብታ ጊዮርጊስም እንደ ልማዷ በበጋ ጉብታ፣ በክረምት ደሴት ሆና ከአስፋልቱ ተለይታ ተቀምጣለች።

በጀልባዋ ላይ አያልነህን ጨምሮ ሦስት ሰዎች አሉ። ከፊት ወይዘሮ ይርገዱ ተቀምጣለች፤ ሁለት ታንኳ ያላትና ልጆቿን በደንገል ቆረጣና በቀዘፋ ያሳደገች ባልቴት ናት። ከመሀል በላይነህ አለ፣ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ ያለው ወጣት ነጋዴ። በላይነህ የራሱ የሞተር ጀልባ አለው፤ ነገር ግን ሞተሩ ዛሬም እንደ ትናንቱ የእምቦጭ አረም ውጦ ስለተቀመጠ በሰው ጀልባ ለመሳፈር ተገዷል። ይህን ይርገዱ ሁለት ጊዜ አንሥታበታለች፤ ሦስተኛውን ለመመለሻ አቆይታለች።

ሦስቱም በብብታቸው ሥር በፌስታል የተጠቀለለ የታሸገ ፖስታ ይዘዋል። ወደ ወረታ የሚሄዱት ለጨረታ ነው።

የዚያ ዘመን ትልቁ ቃል ውድድር ነበር። ተራ ማስከበር ይቅር፣ መኪናውም ባጃጁም በዋጋና በአገልግሎት ይወዳደር፤ ለመንገድ ጥገና የሚሆነው ገንዘብ ከመንግሥት ካዝና ብቻ አይጠበቅ፣ ከሚጠቀመው ሰው ይሰብሰብ፤ የተሰበሰበውንም ተጠቃሚው ራሱ ይቆጣጠር የሚል መመሪያ ወጥቶ ነበር። መመሪያው ወደ ታች ሲወርድ ሲወርድ በመጨረሻ ውኃውም ዳር ደረሰ። የክረምት መሻገሪያዎች ሁሉ ለሦስት ዓመት በጨረታ ይሰጣሉ ተባለ። ከአንድ ሰው ዝቅተኛውን ዋጋ የጠየቀ ያሸንፋል፤ አሸናፊው የመንሳፈፊያ ጃኬት ያሟላል፣ ዋጋውን በሰሌዳ ይለጥፋል፣ ከገቢውም ለመንገዱ ድርሻ ያስገባል። እውነቱን ለመናገር ነገሩ ሁሉ ክፉ አልነበረም። ጉብታ ጊዮርጊስ መንገዴን ጠጠር አልብሱልኝ ስትል የኖረች መንደር ናት፤ ለዚያ ስትፈርም የኖረችው ወረቀት ቢደመር ራሱ መንገድ ይደፍን ነበር።

ችግሩ ጉብታ ጊዮርጊስ የቆየ የራሷ ሕግ ያላት መሆኑ ነው። ሩዙ ታጭዶ ሲወቃ እያንዳንዱ ቤት ለጀልባው አንድ ቁና ይሰፍራል። ቁናውን የሰፈረ ዓመቱን ሙሉ ያለ ጥያቄ ይሻገራል። መስፈር ያልቻለም ይሻገራል። ምጥ የያዛት፣ የታመመ፣ አስከሬን፣ ማኅበር የሚሄድ ቄስ፣ ሁሉም ዳር ላይ ቆሞ ከተጣራ ጀልባዋ ትመጣለታለች፤ ብር አለህ ወይ ተብሎ የሚጠየቅ የለም። አያልነህ የዚህ ሕግ ዳኛም አገልጋይም ነው። ስሙም በሰነድ ላይ ባይኖርም በመንደሩ አፍ «የጀልባው ዳኛ» ነው።

መመሪያው የመጣ ሰሞን መንደሩ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ተሰብስቦ መከረ። መጀመሪያ አያልነህ ብቻ ይወዳደር ተባለ። ቢያንስ ሦስት ተወዳዳሪ ያስፈልጋል የሚለው ሲነበብ ግን ባለጀልባ የሆኑት ሦስቱም ይግቡ ተባለ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የከበደው። ዋጋ ሰብሮ ጎረቤትን መጣል በዚያ አገር ነውር ነው፤ ወሰን ከመግፋት ለይተው አያዩትም። ቄስ ማረው፣ ያን ጊዜ የደብሩ ገበዝ የነበሩት፣ ጢማቸውን ሲያፍተለትሉ ቆይተው ሰው ሁሉ የወደደውን መላ አመጡ። ሦስቱም ዐሥር ዐሥር ብር ይጻፉ። ለመንደሩ ሰው ቁናው እንዳለ ይቆያል፣ ዐሥር ብሩ ከሌላ አገር ለመጣ መንገደኛ ነው፤ በፎርሙ ላይ የቁና ቦታ ስለሌለ ብቻ ይጻፍ። ዋጋው እኩል ሲሆን መቼም ዕጣ ይጣላል፤ ለማን እንደሚወጣ ጊዮርጊስ ያውቃል። ከዐሥር ዝቅ ብሎ ወንድሙን የገፋ ግን እሱው ጊዮርጊስ ይየው ብለው ገዘቱ።

ማንም ክፉ አላሰበም። ታች ሐይቁ ሲሸሽ የሚገኘውን ባሕር ሸሽ መሬት በዕጣ የሚካፈል፣ የመስኖ ተራውን በዕጣ የሚይዝ ሕዝብ ነው። እንዲያውም የሚገርመው፣ ሦስቱም የዕጣ ምልክታቸውን ከወዲሁ ይዘው ነበር። አያልነህ ከጀልባዋ የነቀለውን የዛገ ምስማር፣ ይርገዱ የቀሚስ ቁልፍ፣ በላይነህ ደግሞ የወፍጮ ብሎን፤ ሦስቱንም ይርገዱ በመሐረቧ ቋጥራለች። ከቤታቸውም የተነሡት በኩራት ነበር።

አያልነህ ብቻ ልቡ አላረፈም። ዘንጉን እየገፋ ዓይኑ ከይርገዱ ጀርባ አልነቀል አለው። ነጠላዋ በዝናቡ ረጥቦ ከትከሻዋ ላይ ተጣብቋል። በዚች ጀልባ ላይ እሷ ስትሳፈር ሁልጊዜ ፊቱን ወደ ሌላ ያዞር ነበር፤ ዛሬ ግን ከፊቱ ተቀምጣ ሌላ የሚያይበት አጣ። ቀና ቢል ከሩቅ የጣራ ገዳም ተራራ በደመና ተሸፍኗል። ዝቅ ቢል ይርገዱ ናት።

ቁናው ከመለመዱ በፊት፣ በሰማንያ ዘጠኝ ክረምት፣ አያልነህ የሃያ ስምንት ዓመት ጎረምሳ ሆኖ ታንኳ እየቀዘፈ ለየጉዞው ሳንቲም የሚቀበል ሰው ነበር። አንድ የይፋግ ገበያ ቀን ከወዲያኛው ዳር ሩዝ የጫኑ ነጋዴዎች ቆመው ሲጠብቁት፣ ከወዲህኛው ዳር ደግሞ ይርገዱ ባሏን በቃሬዛ አስይዛ ደረሰች። ባሏን እባብ ነድፎት ነበር። ተጣራች። አያልነህ ገና ከዳር ብዙ አልራቀም፤ ሰማት። ገንዘብ እንደሌላቸውም ያውቃል። አንድ ጊዜ ነጋዴዎቹን ላምጣና እመለሳለሁ ብሎ በልቡ ተስማማና ፊቱን አዙሮ ቀዘፈ። ሲመለስ ሰውዬው ዓይኑ ተከድኖ ነበር። አያልነህም ነፋሱ ነው፣ ነፋሱ ድምፅሽን ወሰደው አላት። ለመንደሩም እንዲሁ አለ። መንደሩ አመነው፤ እሷም ምንም አላለችም።

በዚያው ዓመት ቄሱና ሽማግሌዎቹ ቁናውን ሲያቆሙ፣ ትልቁን ጀልባ ማን ይያዝ ሲባል እኔ ልያዝ ብሎ የተነሣው አያልነህ ነው። ሰው ደግ ነው አለው። ደግነት አልነበረም። ዳግመኛ ውኃ ዳር ላይ ቆሞ የሰው ኪስ ማየት ስለማይችል ነው። ዛሬም የሚፈራው ጀልባዋን ማጣት ብቻ አይደለም። መሻገሪያው ሌላ ሰው እጅ ቢገባና አንድ ቀን አንዲት ሴት ዳር ላይ ቆማ ብትቀር፣ ያን የሰማንያ ዘጠኙን ቀን ሁለተኛ እንደሠራው ይቆጥረዋል።

«ጋሼ፣ አሁንም እኮ ጊዜው አላለፈም» አለ በላይነህ ድንገት። ፖስታውን ከብብቱ አውጥቶ ያገላብጠዋል። «ያ ሊወዳደር የሚመጣው የወረታው ባለመኪና፣ ቻላቸው፣ ከዐሥር በታች ጽፎ ከሆነ ሦስታችንም ባዶ እጃችንን ነው የምንመለስ።»

ይርገዱ ዞር ሳትል ግዝቱን የሰማኸው በየትኛው ጆሮህ ነው ብላ ጠየቀችው። በላይነህ ፖስታውን ወደ ብብቱ መለሰ። አስፋልቱ ዳር ደርሰው ወረዱ።

ወረታ እንደ ወትሮዋ ጭቃና ጩኸት ነበረች። ጨረታው ከሚከፈትበት ጽሕፈት ቤት በር ላይ በገመድ የታሰረ ጀሪካን አለ፤ እጅ ሳይታጠቡ መግባት የለም። ይርገዱ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። አያልነህ ልጁ ከከተማ የላከችለትን ሰማያዊ መሸፈኛ ከኪሱ አውጥቶ አጠለቀ፤ ሲተነፍስ የራሱ ጉሮሮ የሚያሰማው ድምፅ እንግዳ ሆነበት። በአዳራሹ ውስጥ ሰዎች በአግዳሚ ወንበር ላይ ተራርቀው ተቀምጠዋል። አቶ ቻላቸው ቀድሞ ደርሶ ከፊት ተቀምጦ ነበር። በወረታ ሁለት አይሱዙና ጥቂት ባጃጆች ያሉት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ወፍራም ሰው ነው። ሦስቱን ሲያይ ብድግ ብሎ ራሱን ዝቅ በማድረግ ሰላምታ ሰጠ።

ጨረታውን የምትከፍተው እየሩስ የምትባል ወጣት ባለሙያ ናት። የይፋግ ቄስ ልጅ እንደሆነች ሰው ያውቃል፤ ስትናገር ግን እንደ መመሪያው ቀጥ ያለች ናት። ሣጥኑ ባዶ ሆኖ መታሸጉን አሳየች፣ አራቱን ፖስታዎች ተቀብላ ከተተች፣ ሰዓቱ ሲደርስ ደግሞ በሰው ፊት ከፈተች። መጀመሪያ የወጣው የቻላቸው ነው፤ ዐሥራ ሁለት ብር። በላይነህ እፎይ ብሎ ወንበሩን ተደገፈ። ቀጥሎ የአያልነህ፤ ዐሥር ብር። የይርገዱ፤ ዐሥር ብር። እየሩስ አራተኛውን ቀድዳ ወረቀቱን ዘረጋች፣ ሁለቱን ወረቀቶች መለስ ብላ አየች፣ ከዚያም የበላይነህን ስም ጠርታ ዐሥር ብር ብላ አነበበች። ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን ለመቆጣጠር ሳለ።

ይርገዱ የጠበቀችው ይህንኑ ነበርና ጊዜ አላጠፋችም። የሦስቱን ምልክት ከመሐረቧ ፈትታ በመዳፏ ይዛ ወደ ጠረጴዛው ሄደች።

«በይ የኔ ልጅ፣ አንቺ ጣይልን» አለቻት። «አንቺ የማንኛችንም ወገን አይደለሽም። ምስማሩ የማን፣ ቁልፉ የማን እንደሆነ ግን እንዳትጠይቂ፣ ዕጣው ይበላሻል።»

እየሩስ በመዳፏ ላይ ያሉትን ሦስት ነገሮች ለረጅም ጊዜ ተመለከተች። ከዚያ ይርገዱን በአክብሮት እንድትቀመጥ ለመነቻትና መመሪያውን አውጥታ አንድ አንቀጽ አነበበች። ተወዳዳሪዎች ዋጋቸውን አስቀድመው ተመካክረው ያቀረቡ እንደሆነ ሁሉም ከውድድሩ ይወጣሉ። ዋጋቸው እኩል የሆነው በአጋጣሚ ከሆነ ግን በዚያው ቦታ ዕጣ ይጣላል። አነበበችና ወረቀቱን ዘጋች። እስክሪብቶዋን አንሥታ ባዶ መስመር ላይ አስጠጋች፤ ከሦስቱ ፖስታዎች ቀድሞ የተከፈተው የአያልነህ ስለነበር ወደ እሱ ዞረች።

«አባባ፣ እኔ የምጽፈው እርስዎ የሚሉኝን ነው» አለች ቀስ ብላ። «ተመካክራችሁ ነው ወይስ አጋጣሚ ነው? አስበው ይመልሱልኝ።»

የማምለጫውን በር እንደከፈተችላቸው በአዳራሹ ያለ ሰው ሁሉ ገባው። ቻላቸው እንኳ ገባውና ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ። «አጋጣሚ ነው» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ናት። ከተባለች ጀልባዋ ከሦስቱ ለአንዱ ትሆናለች፣ ቁናው ይቀጥላል፣ መንደሩ እንደነበረ ይኖራል። በላይነህ በክርኑ ነካው። አያልነህ ተነሣ። አፉ ውስጥ የተዘጋጀው መልስ «አጋጣሚ ነው» የሚል ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ቃሉ ከጉሮሮው ሲደርስ ያን የድሮውን ቃል፣ «ነፋሱ ነው» ያላትን አገኘው። ያችም አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። የዚያን ቀን አዳነችው፤ ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ቀን እንኳ አላሳረፈችውም። አንድ ሰው በዕድሜው የሚሸከመው እንዲህ ያለ ቃል አንድ ይበቃዋል ብሎ አሰበ።

«ተመካክረን ነው» አለ። «በቅዱስ ጊዮርጊስ ደጅ፣ ቄሱ ባሉበት። እንዳንጣላ ብለን ነው እንጂ ለተንኮል አይደለም። ቢሆንም ተመካክረን ነው።»

እየሩስ ጻፈች። እጇ ወረቀቱ ላይ ስትሄድ የእስክሪብቶው ድምፅ ይሰማ ነበር። ሦስቱም ከውድድሩ መውጣታቸውን፣ መሻገሪያው በዐሥራ ሁለት ብር ለአቶ ቻላቸው መሰጠቱን አነበበች። በላይነህ የዐይኑ ሥር ቀላ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይኸ ነው፣ አንድ ቃል አፍነህ ብትይዝ ምን ነበረበት፣ መንደሩን ምን ልትለው ነው አለና መልስ ሳይጠብቅ ወደ መስኮቱ ሄደ። አያልነህ አልተቀየመውም። እሱም ያንኑ ራሱን እየጠየቀ ነበር። ስልሳ ቤት ጠዋት መርቆ ላከው፤ ከሰዓት በኋላ መሻገሪያውን ለሰው ሰጥቶ ሊመለስ ነው። ተመልሶ ተቀመጠ።

ነገሩ ያለቀ ሲመስል ቻላቸው ወንበሩን ጎትቶ ከአያልነህ ፊት መጥቶ ተቀመጠ። ነገሩን አልሸፋፈነም። ከባሕር ዳር የብረት ጀልባ ገዝቷል፣ ጃኬቱንም አዝዟል፤ ነገር ግን ባለፈው ሳምንት መንገዱን ሊያይ ሄዶ ሞተሩን እምቦጭ ያዘው፣ ጀልባውም ከማሳ ድንበር ላይ ወጥቶ ግማሽ ቀን ተቀመጠ። ውኃውን የሚያውቅ ሰው ያስፈልገዋል። ውኃውን የሚያውቀው ደግሞ አንድ ሰው ነው። ደመወዙ ጥሩ ነው፣ የወር ነው፣ ሥራውም ያው የለመደው ነው አለው። ዘንግ መግፋትና ሰው ሲሳፈር ዐሥራ ሁለት ብር መቀበል።

አያልነህ ከጠዋት ጀምሮ የፈራው ነገር በገዛ እጁ ላይ ሊቀመጥ መጣ። እምቢ ቢል ቻላቸው ሌላ ያገኛል፤ ያ ሌላው ዳር ላይ ቆሞ ማን ማን እንደሆነ ሳያይ ኪስ ኪሱን ያያል። እሽ ቢል ደግሞ ያ ሰው ራሱ አያልነህ ነው። ቻላቸው አላጣደፈውም።

«እገፋለሁ» አለ በመጨረሻ። «ግን ብሩን የምትቀበል አንተ ነህ። የምትቀበልም በወዲያኛው ዳር፣ ሰው ከተሻገረ በኋላ ነው። ከመሳፈሩ በፊት ማንም ሰው እንዳይጠየቅ። የሌለው ደግሞ ስሙን ያስመዘግብና ሩዙ ሲደርስ በቁና ይክፈል።»

ቻላቸው ፈገግ አለ። ነጋዴ ነውና የነገሩን ቀዳዳ ወዲያው አየው። ከተሻገረ ሰው ገንዘብ መጠየቅ ካባራ ዝናብ ውኃ ለመቅዳት እንደመሞከር ነው አለ፤ ስልሳውም ቤት ስሙን አስመዝግቦ ቢሄድ፣ እሱ ለመንገዱ ድርሻ ምን ያስገባል? የጃኬቱንስ ከየት ያመጣል? እየሩስ ጣልቃ ገብታ ሁለቱ ከተስማሙ የአከፋፈሉ ሁኔታ በውሉ ላይ ሊጻፍ እንደሚችል፣ መመሪያው የሚከለክለው ከተለጠፈው ዋጋ በላይ መጠየቅን ብቻ መሆኑን ነገረቻቸው። ቻላቸው አገጩን እያሸ አሰበ። የማይከፍል ቢበዛና አያልነህም ዝም ብሎ ቢያሻግር ለጉድለቱ የሚጠየቅ ዋስ ካለ እሽ እላለሁ አለ። ዋስ ከሌለ ግን ብሩ በወዲህኛው ዳር ነው የሚከፈለው።

አያልነህ ዞር ብሎ አዳራሹን አየ። በላይነህ ጀርባውን ሰጥቶ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል። ሌላው የማያውቀው ሰው ነው። ዋስ ቀላል ነገር አይደለም፤ ለወንድሙ ዋስ ሆኖ በሬውን ያጣ ሰው በየመንደሩ አለ። መሻገሪያውን አሁን ያጣው በገዛ አንደበቱ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ማን ይዋሳል ብሎ አንገቱን ደፋ።

«ዋሱ እኔ ነኝ» አለች ይርገዱ።

እስከዚያች ሰዓት ከመቀመጫዋ አልተነሣችም ነበር። አሁንም ቀስ ብላ ነው የተነሣችው። እየሩስ ምን ንብረት እንዳላት ጠየቀቻት። ሁለት በሬ፣ ሁለት ታንኳና በስሟ የተመዘገበ መሬት እንዳላት ተናገረች፤ ደብተሩን ነገ አመጣለሁ አለች። ቻላቸው ደነገጠ። እንደ አዋቂ ሰው ሊመክራት ፈልጎ፣ እናቴ፣ ይህን ሁሉ ለባዕድ ሰው የሚያሲዙት ምን ያህል ቢያውቁት ነው ብሎ ጠየቃት።

«ይኸ ሰው አንድ ጊዜ ሰው ጥሎ ሄዷል» አለች ይርገዱ። «ሁለተኛ ጥሎ አይሄድም። የማውቀው ይህን ያህል ነው።»

ቻላቸውም እየሩስም ነገሩ አልገባቸውም፤ አሮጊቶች እንደሚናገሩት ያለ የአነጋገር ፈሊጥ መሰላቸው። የገባው አያልነህ ብቻ ነው። ውሉ ሲጻፍ፣ እየሩስ እያንዳንዱን መስመር ስታነብ፣ ይርገዱ አውራ ጣቷን ቀለም ላይ ነክራ ስታትም፣ እሱም ስሙን ሲያኖር፣ ሁሉን ያየው ከሩቅ እንደሚደረግ ነገር ነው። ማኅተሙ ሲመታ ብቻ ብርግግ አለ።

በላይነህ ወረታ የሚያድርበት ጉዳይ አለኝ ብሎ ቀረ። ጉዳይ አልነበረውም፤ ንዴቱ እስኪበርድ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ የቻላቸውን ሞተር ለመጠገን በሰው ልኮ የተስማማው እሱው ራሱ ነው፤ ያ ግን ለሌላ ቀን የሚሆን ወሬ ነው። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ከአስፋልቱ ዳር የተነሡት ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

ፀሐይ ከደመናው ሥር ወጥታ ውኃውን ሞቅ አድርጋዋለች። ይርገዱ እንደ ጠዋቱ ከፊት ተቀምጣለች፤ ይህን ጊዜ ግን ፊቷን ወደ እሱ አድርጋ ነው። አያልነህ ዘንጉን ይገፋል፤ መናገር ይፈልጋል፤ አንደኛውን ማሳ አለፈ፣ ሁለተኛውን አለፈ፣ ቦዩን ዞረ። የርብ አሮጌ ገደል ላይ ሲደርስ ዘንጉ መሬት አልነካ ስላለው ጀልባዋ በራሷ ትሄድ ጀመር። የሚያደርገው ነገር ስላጣ ተናገረ።

«ታውቂ ነበር?»

«ያን ቀን ነፋስ አልነበረም» አለች። ድምፅዋ ስለ ቀኑ አየር ሁኔታ እንደምታወራ ያለ ነው። «ደንገሉ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር። ዞር ብለህ አይተኸኛል፤ እኔም አይቼሃለሁ።»

አያልነህ ዘንጉን በጀልባዋ ላይ አጋደመና ከወለሏ ላይ ተንበረከከ። እንባው መጣ፤ አልደበቀውም። ለነጋዴ ሳንቲም ብዬ ባልሽን ገድያለሁ አላት። ይህን ሃያ ሦስት ዓመት ሊናገር ሲነሣ እንደኖረ፣ ስትሳፈር ፊቱን የሚያዞረውም ለዚህ እንደሆነ፣ ሁሉንም አንድ ባንድ ተናገረ። መጀመሪያውኑ መናዘዝ ይገባኝ ነበር አለ። ይርገዱ እስኪጨርስ ድረስ አላቋረጠችውም። በመጀመሪያው ዓመት ልጆቼን አሳድጌ ላስገድልህ ነበር አሳቤ አለችው፤ በሁለተኛው ዓመት የምጥ ሴት ይዘህ በሌሊት በበረዶ ስትሻገር አየሁህ፣ በሦስተኛውም አየሁህ፣ ከዚያ መቁጠሩን ተውሁት አለች።

«እትየ ይርገዱ፣ ስለ ጊዮርጊስ ብለሽ ይቅር በይኝ።»

ጀልባዋ ገደሉን ተሻግራ ወደ ማሳው ጥልቅ ስትል አፍንጫዋ የማሳውን ድንበር ነካና ቆመች። ይርገዱ እጇን ዘርግታ የተጋደመውን ዘንግ አነሣችና በጉልበቱ ላይ አኖረችለት።

«ይቅር ባልልህማ ኖሮ» አለችው፣ «ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ልጆቼን ይዤ ጀልባህ ላይ እቀመጥ ነበር?»